ሳይጫን የቀረ ኮርቻ፦ የፈረስ ዕቃ ታሪክ ከኮልፌ ቀራንዮ

ከመርካቶ ተነሥቶ በኮልፌና በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ፥ ከዚያም ገፈርሳን አልፎ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚዘልቀው መንገድ፥ አውቶሞቢል ከመታወቁ አስቀድሞ የፈረስና የበቅሎ ጎዳና ስለ ነበረ፥ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ በሚባለው ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው የፈረስን ነገር በተረት ሳይሆን በዓይኑ የሚያውቀው ነው። ከምዕራብ ሸዋ ገጠር እህሉና ቅቤው በአጋሰስ ጀርባ ወደ ከተማዪቱ የገባው በዚህ በኩል ነበር፤ አጠና ተራ የተባለው የእንጨት ገበያም እስከ ዛሬ የባሕር ዛፍ ንግድ ምስክር ሆኖ ይኖራል። እንጨቱ አሁን በመኪና ቢመጣም ፈረሱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በከተማው ዳርቻ ጋሪ ይስባል፥ በሠርግ ቀን በአበባ ባጌጠ ሠረገላ ሙሽሮችን ይወስዳል፥ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል በሚታሰብበት ዕለትም በቀይ ጌጥና በቃጭል ተሸልሞ ወደ አደባባይ ይወጣል።

ፈረስ ባለበት ቤት ሁሉ ደግሞ፥ ባለቤቱ ባላገርም ቢሆን ከተሜ፥ ገንዘብ ወጥቶበት ሳለ ሥራ የፈታ አንድ ዕቃ በጓዳ ወይም በጎተራ ሥር አይታጣም። ለጀርባው የማይሆን ኮርቻ፥ አፉ ያልተቀበለው ልጓም፥ ዐቅሙ ሳይታወቅ የተገዛ የመድኃኒት ጠርሙስ፥ ለአንድ በዓል ብቻ ተለብሶ የተጠቀለለ ግላስ የሚባል የፈረስ ልብስ ይገኛል። ይህ ነገር የዘመናችን ሰው ችኰላ ያመጣው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍም ባላበቃ ነበር፤ ነገር ግን የፈረስ ዕቃ ገዝቶ ሳይጠቀሙበት መቅረት ከነገሥታቱ ቤት ጀምሮ የሚመጣ ታሪክ ያለው ነው። እኔ ታሪኩን ስመለከተው፥ የፈረሱ ጀርባ የሚሻውና የተመልካች ዓይን የሚሻው ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሆነው እንደ ኖሩ፥ ዕዳውንም ዘወትር የከፈለው ጀርባው እንደ ሆነ አያለሁ።

በቀድሞው ሥርዐት መኰንኑ መንገድ የሚሄደው በበቅሎ ነበር። ፈረሱ ግን ብር በተለበጠ ልጓም፥ ሙካሽ በተሠራበት ግላስ ተሸልሞ፥ ማንም ሳይቀመጥበት፥ በፈረስ ያዥ እየተሳበ ከጌታው ፊት ይሄድ ነበር፤ ጌታው ከበቅሎው ወርዶ ወደ ፈረሱ የሚተላለፈው ለጦርነት፥ ለአደን፥ ወይም በገናና በጥምቀት ለሚደረገው የጉግስ ጨዋታ ነበርና። ስለዚህ ከዕቃዎቹ ሁሉ ውድ የሆነው የፈረሱ ኮርቻ ከዓመቱ ቀኖች በሚበዙት ላይ ባዶውን የሚኖር ዕቃ ነበር። ይህንንም ብክነት ብሎ የሚነቅፍ አልነበረም፤ መታየቱ ራሱ አገልግሎቱ ነበር፤ ንዋየ ቅድሳት በዕቃ ቤት ተጠብቆ ኖሮ በበዓል ቀን ብቻ እንደሚወጣ፥ የፈረሱም ሽልማት እንዲሁ በክብር ተቀምጦ በክብር ይወጣ ነበር። በቤተ መንግሥት ይህን ሁሉ የሚያስተዳድር ባልደራስ የሚባል ሹም የተሾመውም ነገሩ የግርማ መንግሥት ክፍል ስለ ሆነ ነው።

ፈረሱና ጌታው በስም እንኳ የተዋሐዱ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ መባላቸውን የማያውቅ አንባቢ የለም። እንግዲህ ፈረሱን ማልበስ የጌታውን ስም ማልበስ ነበርና፥ ንጉሠ ነገሥቱ ባለሟሉን በሚሾምበት ጊዜ ከካባውና ከጋሻው ጋር ፈረስ ወይም በቅሎ ከነሙሉ ዕቃው ይሸልመው ነበር። ጌታው በሞተ ጊዜ ደግሞ ፈረሱ ተጭኖ፥ ጋሻውና ጦሩ እየታዩ በለቅሶው መካከል ይዞር ነበር፤ ሰው የሌለበት ኮርቻ ከአልቃሽ ቃል ይልቅ ልብ የሚነካበት ሰዓት ያ ነበር። ከዚህ የተነሣ ሳይቀመጡበት የሚያኖሩት የፈረስ ዕቃ ለአባቶቻችን የጸጸት ምክንያት ሊሆን አልቻለም።

ጸጸት ቢኖር እንኳ የሚመለስ ነበር። የዚያ ዘመን ጌጥ አብዛኛው የተሠራው ከማርያ ቴሬዛ ብር ነው፤ ይህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትና 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ገንዘብ በአንጥረኛው እጅ ቀልጦ የልጓም ጌጥ፥ የአንገት ሰንሰለት፥ የግንባር ፈርጥ ይሆናል፤ ባለቤቱም ቢቸግረው ወይም ጌጡ ባይወደድለት ያው አንጥረኛ መልሶ ያቀልጠዋል። የዛሬው የፋብሪካ ዕቃ ግን ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ አይቀልጥም።

በዚህ ላይ ሳልናገረው ላልፍ የማልፈቅደው ነገር አለ። ያን ሁሉ ክብር የሠሩት እጆች ክብር አላገኙም። ቆዳውን አልፍቶ ጠፍሩን የሚያወጣው ፋቂ፥ እርካቡንና ልጓሙን የሚቀጠቅጠው ባለ እጅ፥ ቡዳ ነው እየተባለ ከማዕድና ከጋብቻ ይርቅ ነበር፤ በሠራው ኮርቻ የተቀመጠው መኰንን ስሙ በየዜና መዋዕሉ ሲጻፍ፥ የሠሪው ስም ግን የትም አልተጻፈም። ስለ ፈረስ ዕቃ ታሪክ መጻፍ ዛሬ የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይህ ግፍ ነው። የሥራው ብልኀት ግን በዕቃው ላይ ተጽፎ ይነበባል። የአገራችን ኮርቻ ሁለት ቀላል ሳንቃዎች በአከርካሪው ግራና ቀኝ ተቀምጠው፥ በጥሬ ጠፍር ተጠፍረው፥ ከፊትና ከኋላ ከፍ ባለ ቅስት የሚያያዙበት ዕቃ ነው፤ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ስለሚቀር የጋላቢው ክብደት በጀርባው ሥጋ ላይ ያርፋል እንጂ የአከርካሪውን አጥንት አይጫነውም። ይህን ያወቀ ሰው የእንስሳውን ገላ በእጁ ዳስሶ የተማረ ሰው ነው።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ግን ታሪኩ ረዘም ብሎ ሊነገር የሚገባው እርካቡ ነው። የጥንቱ እርካብ እግርን ሙሉ የሚቀበል አልነበረም፤ የእግር አውራ ጣት፥ ቢበዛም አውራ ጣትና ቀጣዩ ጣት ብቻ የሚገቡበት ጠባብ የብረት ቀለበት ነበር። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ የተሣለውን ቅዱስ ጊዮርጊስ በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው፥ ሠዓሊው ባዶ እግሩን የሆነውን ሰማዕት በዚህ ዐይነት እርካብ ላይ እንዳስቀመጠው ያያል፤ ሠዓሊው የሣለው በየቀኑ የሚያየውን ፈረሰኛ ነበርና። ለባዶ እግር ጋላቢ ይህ እርካብ እጅግ የተመቸ ነበር፤ ብረቱ ጥቂት ስለ ሆነ ቀላል ነው፥ ጋላቢው በወደቀ ጊዜ እግሩ ተይዞ የመጎተቱ አደጋ ያንሳል፥ በሰላምም ጊዜ በጦርነትም ጊዜ ከኮርቻ ዘሎ ለመውረድ አያግድም።

ጫማ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በመጀመሪያ መኳንንቱ፥ ቀጥሎም ወታደሩ፥ በመጨረሻም ከተሜው ሁሉ እግሩን በቆዳ ሲሸፍን፥ የጫማ አፍንጫ የማይገባበት ያ ቀለበት እንከን ሳይኖርበት ከአገልግሎት ወጣ። ለውጡ በአንድ ቀን አልሆነም፤ በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ላይ እንኳ የአውሮፓ ልብስ የለበሱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች እግራቸው ባዶ ነበር። በጥር ወር 1927 ዓ.ም. ግን ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሆለታ ገነት በስዊድን መኰንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተና፥ ከእግረኛው ጋር ፈረሰኛውም በአውሮፓ ሥርዐት መሠልጠን ጀመረ፤ ወደዚያ የሚወስደው ጎዳናም ይኸው በኮልፌ በኩል የሚያልፈው ነው። የኢጣሊያ ወረራ ደርሶ ትምህርቱን ባያቋርጠው ኖሮ ሁለቱ የፈረስ ሥርዐቶች ተገናኝተው ምን ይወልዱ እንደ ነበር ማሰብ ልቤን ይስበዋል። በዚህም ሆነ በዚያ፥ ጫማው በተስፋፋበት ሁሉ ባለ ቀለበቱ እርካብ ከኮርቻው እየተፈታ በየግድግዳው ተሰቀለ።

ታዲያ ሰው የአባቱን እርካብ ፈትቶ ካስቀመጠ በኋላ ከውጭ የመጣውን ኮርቻ ሲገዛ ሌላ ጸጸት ይቀበለዋል። የአገራችን የደጋ ፈረስ፥ በሸዋ የተመሰገነው የሰላሌው ፈረስ ጭምር፥ ቁመቱ በጫንቃው ላይ 130 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጀርባው አጭር፥ ጫንቃው ጠባብ፥ ሆዱ ሰፊ ነው። የአውሮፓው ኮርቻ የተቈረጠው ከዚህ በብዙ ለሚበልጥ፥ ትከሻው ለሰፋ ፈረስ ስለ ሆነ፥ በእኛ ፈረስ ላይ በተጫነ ጊዜ ቅስቱ ወርዶ የጫንቃውን አጥንት ይጫናል፥ ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ፥ ቁልቁለት ሲወርድ ወደ አንገት ይንሸራተታል። የኮርቻው ቆዳ ያማረ፥ ስፌቱ የጠነከረ መሆኑ ለዚህ አይጠቅምም። ልጓሙም እንዲሁ ነው። የአገሩ ልጓም የታች መንጋጋን የሚከብብ የብረት ቀለበት ያለው፥ ላንቃን የሚጫን፥ እጅግ ጽኑ ልጓም ነው፤ በዚህ የሠለጠነ ፈረስ አፉ ከብረቱ ጽናት ጋር ተላምዶአልና፥ ባለቤቱ ራርቶለት ለስላሳውን የውጭ ልጓም ቢያገባለት የእጁን ምልክት አይሰማለትም። ርኅራኄው መልካም ሳለ ፈረሱ እንደ ገና ካልተማረ በስተቀር ግዢው ከንቱ ይሆናል፤ ብዙዎችም ያን ትምህርት ለመስጠት ትዕግሥት ስለሚያጥራቸው ወደ ቀለበቱ ልጓም ይመለሳሉ። ናል የሚባለውን የኮቴ ብረትም ያየን እንደ ሆነ፥ ፈረሱ በድንጋያማው ደጋ ያለ ብረት ኖሮ ኮቴው ስለ ደነደነ፥ የሚቸነክር ባለሙያም በቅርብ ስለማይገኝ፥ ከውጭ የመጣ ናል በብዙ ቤት ከሳጥኑ ሳይወጣ ይቀራል።

በከፍተኛው ማዕረግ የተደረገው ግዢም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑ ጊዜ የተሳፈሩበት ሠረገላ ቀድሞ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ዊልሄልም የነበረና ለበዓሉ የተገዛ ነበር። ግርማው እጅግ የሚያስደንቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሠረገላ ደልዳላ ጎዳናና ለመሳብ የተማሩ ታላላቅ ፈረሶች የሚሻ ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ አውቶሞቢልን ያየችው ከዚያ በፊት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነበርና፥ ከንግሡ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ የዘወትር መሄጃ አውቶሞቢሉ ሆነ። እኔ ይህን ግዢ ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ለአንድ ቀን ክብር የተገዛ ዕቃ ያን ቀን ካከበረ ሥራውን ፈጽሞአልና። በኮልፌ ያለ ወጣትም ለሠርግ የሚያከራየውን ሠረገላ በነጭ ቀለም ቀብቶ፥ በአበባ ሸፍኖ ሲያቆመው የሚፈጽመው ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

የጋሪው ነገር ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ክብር ሳይሆን እንጀራ ነው ያለው። ጠላት ከተባረረ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጋሪ በአዲስ አበባ የሕዝብ ማመላለሻ ነበር፤ ታክሲ ሲበዛ ከዋናው ጎዳና እየተገፋ ወደ ዳር ወጣ፥ በክፍለ ሀገር ከተሞችም እስከ ባጃጅ መምጣት ድረስ ቆየ። በየጊዜው አንዱ መጓጓዣ ሌላውን ሲተካ፥ በብዙ ቤተ ሰብ ግቢ የጋሪ ዕቃ ሥራ ፈትቶ ቀረ፤ ጎማው ለሌላ ሲሸጥ፥ የፈረሱ ጠፍርና ልጓም ግን የሚገዛው አልተገኘም። ዛሬም በምዕራቡ ዳርቻ ድንጋይና አሸዋ፥ ውሃና ሲሚንቶ በሚያመላልሰው ጋሪ ላይ ያለው ፈረስ በጀርባው የሚሸከመው በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የተጠቀጠቀ ጭድና ድሪቶ ነው፤ በደረቱ የሚጐትተው ብዙ ጊዜ ከመኪና ጎማ የተቈረጠ ጠፍር ወይም የናይሎን ገመድ ነው። ናይሎኑ ላብ አይመጥም፥ ሲፋተግ ቆዳ ይቈርጣል፤ ከዚያም ገጣባ ይወጣል።

ገጣባ የፈረስ ባለቤቶችን ሁሉ ገንዘብ የሚበላ ቁስል ነው። በቁስል በኩል የሚገባው በሻጋታ ምክንያት የሚመጣ የእባጭ በሽታ፥ በተለይ በወይና ደጋ ከተሞች፥ ስንቱን የጋሪ ፈረስ ከሥራ እንዳወጣ የእንስሳት ሐኪሞች ያውቃሉ፤ አንዱ ፈረስ የለበሰውን ጠፍር ሌላው ሳይታጠብ ሲለብሰው በሽታው አብሮ ይሄዳል። ባለቤቱም ቁስሉን ባየ ጊዜ የሚገዛው ብዙ ነው፤ ሰማያዊውን የቁስል መርጫ፥ ለከብት የታዘዘውን መርፌ፥ የትል መድኃኒቱን ፍሬ፥ ያበረታል የተባለውን ቪታሚን ይገዛል፤ ገንዘብ ያጠረው ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ቁስሉ ግን አይድንም፤ ያቈሰለው ጠፍር በማግሥቱ በዚያው ስፍራ ላይ ይታሰራልና። መድኃኒቱ በከፊል ተቀድቶ በጓዳ ይቀመጣል፥ ጊዜው ያልፋል፥ ወይም የፈረሱ ክብደት ሳይታወቅ ጥቂት ጥቂት ይሰጠዋል፤ እንዲህ ያለው የትል መድኃኒት ደግሞ ትሉን ሳይገድል መድኃኒቱን የሚቋቋም ያደርገዋል። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ቢደመር ለስላሳና ላብ የሚመጥ፥ በጀርባው ልክ የተሰፋ መደላድል ከነትርፉ ይገዛ ነበር። ይህን የምጽፈው ባለ ጋሪውን ለመውቀስ አይደለም፤ ዛሬ ያላገኘውን ብር ለዛሬ እንጀራ የሚሻ ሰው ለነገ መደላድል ማሰፋት ምን ያህል እንደሚከብደው ይገባኛል። ሐዘኔ ገንዘቡ መውጣቱ ላይ ሳይሆን፥ ወጥቶ ሳለ የእንስሳውን ሥቃይ አለማስቀረቱ ላይ ነው። በቢሾፍቱና በሌሎችም ከተሞች ለጋማ ከብት የሚሰጠው ነጻ ሕክምና ብዙ ረድቶአል፤ ነገር ግን ሐኪሙ የሚያየው ቁስሉን ነው፥ ጠፍሩን የሚሰፋው ሌላ እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ እያነሰ ሄዶአል።

ለዚህ ተቃራኒ ሆኖ ልቤን የሚያስደስተው በአገው ምድር ያለው ሥርዐት ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፥ ፈረሶቹ በዓድዋና ከዚያም በኋላ በተደረገው ተጋድሎ ከሰው ጋር የተቀበሉትን መከራ ያስባል፤ ፈረሰኛውም አጊጦ የሚወጣው በማኅበሩ ሥርዐት ነው። እንዲህ ባለው አገር ኮርቻ ሥራ አይፈታም፤ ባለቤቱ ቢያረጅ ልጁ ይጭነዋል፥ ጠፍሩ ቢበጠስ የሚጠግነው በሰፈሩ አለ፥ ልኩም ከአባት ለልጅ ሲወርድ ለዚያው አገር ፈረስ ስለ ሆነ አይስትም። በከተማ ያለው ባለ ፈረስ ያጣው ዋናው ነገር ይህ የሠሪው ቅርበት ነው፤ የሚገዛው ዕቃ የሚመጣለት ፈረሱን አይቶት ከማያውቅ ሰው እጅ ነው።

በኮልፌና በአካባቢው ቁራሌው በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ብረት በሚዛን ይገዛል። የጫማ ዘመን ያሰናበተው ባለ ቀለበት እርካብም ከተሰበረ ማጭድና ከዛገ መቀስ ጋር አብሮ እንዳይሄድ እሰጋለሁ። የነገሥታቱና የመኳንንቱ ሽልማት በሙዚየም ጠባቂ አግኝቶአል፤ የባላገሩ እርካብ፥ የገበሬው ኮርቻ፥ የባለ ጋሪው ጠፍር ግን ገና ጠባቂ አላገኙም። በስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ሆነ የየክፍለ ከተማው የባህል ጽሕፈት ቤት፥ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ በአስኮ፥ በቡራዩ፥ በሆለታና በሱሉልታ ዞረው ይህን ዕቃ ቢሰበስቡ፥ በተሰበሰበውም ዕቃ ሥር ኮርቻው የተጫነበት ፈረስ ቁመትና የተሠራበት ስፍራ፥ ከባለቤቱም ስም አስቀድሞ የሠሪው ስም ይጻፍ ዘንድ እለምናለሁ።